ለሚስተር ሆሊስ የቀሩላቸው ቃላት

እታለማሁ ዳላስ አጠገብ ባለችው ግሬፕቫይን ከተማ ሚስተር ሆሊስን ለመንከባከብ ሥራ የጀመረች ዕለት፣ ሽማግሌው አይናገሩም ተብሎ ነበር የተነገራት። ይህን የነገረቻት ካረን ናት፣ የሰውየው አንድ ልጅ። ካረን ፕሌኖ ውስጥ ትልቅ መሥሪያ ቤት የምትሠራ፣ ሁልጊዜ የምትቸኩል ሴት ናት። የዚያን ቀን ጠዋትም በር ላይ እንደቆመች የቤቱን ቁልፍ፣ የኪኒኑን ሳጥንና የስልክ ቁጥሯን አስረክባ ሁሉንም ነገር በአንድ ትንፋሽ ተናግራ ጨረሰች። አባቷን ባለፈው መከር ስትሮክ መታቸው። ቀኝ እጅና እግራቸው ዛለ። የባሰው ግን አንደበታቸው ነው። የሚባሉትን ይሰማሉ፣ ይገባቸዋልም፤ መልስ ግን የላቸውም። "አዎ" ሊሉ ፈልገው "አይ" ይወጣቸዋል። ልጃቸውን እንኳ በስሟ አይጠሯትም።

"አንዳንዴ ከድሮ ሥራው የቀረ የማይያያዝ ነገር ይለቃል" አለቻት ካረን መኪናዋ ውስጥ እየገባች። "ችላ በይው።"

እታለማሁ ይህን ስትሰማ ብዙም አልደነገጠችም። አገር ቤት ሳለች ደብረ ማርቆስ ቴሌ፣ የስልክ ማዞሪያ ላይ ዓመታት ሠርታለች። ክረምት በገባ ቁጥር መስመሩ ይንኮሻኮሻል፣ ከሰዉ ንግግር ግማሹ ይዋጣል። እሷ የተሰማውን ካልተሰማው ጋር ገጣጥማ ማን ማንን እንደሚፈልግ መለየት ለምዳለች። ዲቪ ደርሷት ዳላስ ከመጣች ገና ዓመት ቢሆናት ነው። ቪከሪ ሜዶ በሚባል ሰፈር፣ ከአጎቷ ልጅ ከሞላልኝ አፓርታማ አንዷን ክፍል ይዛ ትኖራለች። ሞላልኝ ታክሲ ነጂ ነው። ጠዋት ወደ ኤርፖርት ሲወጣ እግረ መንገዱን ያደርሳታል፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ መጥቶ ይወስዳታል።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት በዝምታ አለፉ። ሚስተር ሆሊስ በተሽከርካሪ ወንበራቸው መስኮቱ ሥር ይቀመጣሉ። ከቤቱ ጣሪያ በላይ አውሮፕላን እያጓራ ያልፋል፤ ሽማግሌው አንገታቸውን ቀና አድርገው እስኪርቅ ይከተሉታል። ረጅም፣ ትከሻ ሰፊ ሰው ናቸው። እታለማሁ ታጥባቸዋለች፣ ታለብሳቸዋለች፣ የዛለውን እጅ ትደግፋለች፤ ይህን ሁሉ ስትሠራም ከአፏ ወሬ አታጣም። መልስ ባይኖርም ትጠይቃቸዋለች። ማንም የማይጠይቀው ሰው ቀስ በቀስ የቤት ዕቃ ይሆናል የሚል ፍርሃት ነበራት።

በዚያው ሳምንት መጨረሻ ላይ ምሳ ምን እንደሚሻላቸው ጠየቀቻቸው። እንደ ልማዷ መልሱን ሳትጠብቅ ወደ ማድ ቤት ልትሄድ ዞር ስትል፣ ከኋላዋ ጥርት ያለ ወፍራም ድምፅ መጣ።

"ካን ኦፍ ኮርን።"

እታለማሁ ቀጥ ብላ ቆመች። የታሸገ በቆሎ መሆኑ ነው። ይህን ያህል የተስተካከለ ነገር ከአፋቸው ይወጣል ብላ አላሰበችም። የማድ ቤቱን ቁም ሣጥን ብታገላብጥ ከሾርባው ቆርቆሮ ጀርባ አንድ የበቆሎ ጣሳ አገኘች። ከፈተችው፣ በቅቤ አሞቀችው፣ ጨው ነሰነሰችበትና በሰሃን አድርጋ ፊታቸው አስቀመጠችው።

ሚስተር ሆሊስ ሰሃኑን አዩ። ቀጥለው እሷን አዩ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሁለተኛ ስትሮክ የመጣባቸው መስሏት ወደ ስልኩ ልትሮጥ ስትል፣ የሚንቀጠቀጡት በሳቅ መሆኑን አየች። ድምፅ የሌለው፣ እንባ የሚያስፈስስ ሳቅ ነበር። እሷም ምን እንደሚያስቃቸው ሳታውቅ አብራቸው ሳቀች። ሚስተር ሆሊስ በቆሎውን በግራ እጃቸው አንድ ሳያስቀሩ በሉት። ሲጨርሱ ያንኑ እጅ ከራሳቸው በላይ ከፍ አደረጉና ቀስ አድርገው አወረዱት፤ መጨረሻ ላይ መዳፋቸውን አጎድጉደው፣ ከላይ የወረደ ነገር የተቀበሉ መስለው፣ ያንኑ ቃል ደገሙላት።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ መኪና ውስጥ ለሞላልኝ ነገረችው። ሞላልኝ መሪውን ይዞ እስኪበቃው ሳቀ።

"የቤዝቦል ነገር እኮ ነው" አላት። "መቺው ኳሷን በዱላው ወደ ሰማይ ይሰዳታል። ከፍ ትላለች፣ ግን ጉልበት የላትም። ሜዳ ላይ ያለው ልጅ ተረጋግቶ ይጠብቅና ጓንቱ ውስጥ ይቀበላታል። ማለቴ፣ ቀላል ኳስ ነች። ካን ኦፍ ኮርን የሚሏት እሷን ነው።"

"በቆሎን ምን አመጣው ታዲያ?"

"እኔ ምን አውቄ። ታክሲ ውስጥ ሬዲዮኑ ሲል ሰማሁ፣ እኔም አልኩ።"

"ዝም ብለህ ተቀበልክ?"

"ሶ፣ ምን ላድርግ? ሬዲዮ ጣቢያው ጋ ኮል ላድርግ?"

እታለማሁ ይህ ነገር አልዋጥ አላት። ቤት ገብታ ራቷን ስትበላም፣ ልብሷን ስትተኩስም፣ ከሰማይ የምትወርድ ኳስና የበቆሎ ጣሳ ምን እንደሚያገናኛቸው ታስብ ነበር። ከዚያ የባሰ ጥያቄም መጣባት። ምሳ ምን ይሻላል ሲባሉ ቀላል ኳስ ብለው የመለሱ ሰው፣ "ቀላል ነገር ይሁን" ማለታቸው ነው? ወይስ ቃሉ ዝም ብሎ አምልጧቸው ነው?

በማግስቱ ካረን ደወለች። እታለማሁ አጋጣሚውን ተጠቅማ አባቷ የምን ሥራ ይሠሩ እንደነበር ጠየቀቻት።

"የቤዝቦል አስተላላፊ ነበር፣ በሬዲዮ" አለች ካረን። "ትልልቆቹን ቡድኖች አይደለም። ምዕራብ ቴክሳስ ውስጥ ያሉ ትንንሽ ከተሞች የነበሯቸውን ቡድኖች ነው። በጋ በገባ ቁጥር ከእነሱ ጋር በአውቶቡስ ይዞራል። እኔ ልጁ ሆኜ ድምፁን የምሰማው እንደ ማንኛውም የከተማው ሰው በሬዲዮ ነበር።"

ይህን ያለችው በቁጣ አልነበረም። እታለማሁ ግን ስልክ ላይ የሰው ድምፅ መስማት ልማዷ ነውና፣ ከቃሉ ሥር የቀዘቀዘ ነገር እንዳለ ሰማች።

ሚስተር ሆሊስን ንግግር መልሳ የምታለማምዳቸው ቴራፒስት ጄኒ ትባላለች። ጠቃጠቆ ፊት ያላት፣ ወንበር ትታ ምንጣፍ ላይ መቀመጥ የምትወድ ወጣት ነች። በሳምንት አንድ ቀን እየመጣች ሥዕል ያለባቸው ካርዶች ለሚስተር ሆሊስ ታሳያቸዋለች፤ ኩባያ፣ ቁልፍ፣ ውሻ። ሽማግሌው ካርዱን ያውቁታል፤ ስሙ ግን ምላሳቸው ጫፍ ድረስ መጥቶ ይመለሳል። ግንባራቸውን ያልባቸዋል። በዚያ ሳምንት በመጣችበት ቀን ትምህርቱ አልቆ ጄኒ ስትወጣ እታለማሁ በረንዳ ድረስ ሸኘቻትና የበቆሎውን ነገር አጫወተቻት።

ጄኒ ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠች። "እንዲህ ያለ ነገር አለ" አለች። "ሰው ቃል ፈልጎ ማግኘት ሲያቅተው፣ ሳይፈልገው የሚመጣ ቃል ግን ይቀራል። ጸሎት፣ ዘፈን፣ ቁጥር። ብዙ ጊዜ ከመባሉ የተነሳ መንገድ ያበጀ ቃል። የእሳቸው እንግዲህ የኳስ ስሞች ናቸው።"

"ታዲያ ሲሉት አስበውት ነው የሚሉት?"

"እሱን እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ" አለች ጄኒ። "አላውቅም። አንቺ ቀኑን ሙሉ አብረሻቸው ስለምትውዪ ከኔ በፊት ልትደርሺበት ትችያለሽ።" የበቆሎውንም ምክንያት ያወራችላት እሷ ናት። በድሮ ጊዜ ባለሱቆች ጣሳውን ከላይኛው መደርደሪያ በረጅም እንጨት እየጎተቱ ይጥሉትና በሽርጣቸው ይቀበሉት ነበር ይባላል፤ ስሙ ከዚያ የመጣ ነው የሚል ወሬ አለ። "እውነት ይሁን አይሁን እንጃ" ብላ ጨመረች። እታለማሁ ግን ከሰማይ እስከ ሽርጥ ያለው መንገድ በዓይነ ሕሊናዋ ስለታያት ለጊዜው ረካች።

ከዚያ ወዲያ ጨዋታ ባለበት ቀን ሁሉ ሬዲዮኑ ተከፍቶ ይውል ጀመር። የአካባቢው ቡድን የሬንጀርስ ጨዋታ ከሰዓት በኋላ ሲሆን ሚስተር ሆሊስ ፊታቸው ሌላ ይሆናል። የዱላው ድምፅ ቷ ሲል፣ አስተላላፊው አፉን ሳይከፍት እሳቸው የኳሷን ዓይነት ይጠራሉ። እንዴት ከድምፁ ብቻ እንደሚለዩት ለእታለማሁ እንቆቅልሽ ሆነባት። ስሙን ሲሉ እሷ ወደ ወንበራቸው ጠጋ ብላ፣ "አሳዩኝ" ትላቸዋለች።

እሳቸውም ያሳዩዋታል። ከማድ ቤት ሎሚ አምጥታ ግራ እጃቸው ላይ ስታስቀምጥላቸው፣ ጠረጴዛውን ልሳ እንድትሄድ ያንከባልሏታል፤ ይህቺ ዎርም በርነር ናት። ትል አቃጣይ እንደማለት ነው። መሬት ለመሬት ከመፍጠኗ የተነሳ ሣሩ ሥር ያለውን ትል ትለበልበዋለች ነው ነገሩ። ክንዳቸውን ወደፊት ቀጥ አድርገው ሲዘረጉ ደግሞ ፍሮዝን ሮፕ ይሆናል፤ ሳትጎብጥ ሳትዘምም ጥይት ሆና የምትሄድ ኳስ፣ እንደ በረዶ ደርቆ የቀረ ገመድ። ባልቲሞር ቾፕ የምትባለው ከመቺው እግር ሥር ከመሬት ተላትማ ከሰው ራስ በላይ ትነጥራለች። ይህቺን ለማስረዳት ሎሚዋን በኃይል ሲደበድቧት ፈነዳች፤ ሁለቱም ፊታቸው ላይ ጭማቂ ተረጭቶባቸው ቀሩ።

ታዲያ እታለማሁን ይበልጥ የሳባት ኳሱ ከሬዲዮን ወጥቶ ቤቱ ውስጥ መዞሩ ነበር። ገላቸውን ታጥበው ያለ ችግር ወንበራቸው ላይ ሲመለሱ "ካን ኦፍ ኮርን" ይላሉ። ምንጣፉን በመጥረጊያ ማሽን ስትጠርግ "ዎርም በርነር"። ጄኒ አንድ ቀን፣ ቀኝ እጅዎ ምናልባት እንደ ድሮው ላይሆን ይችላል ብላ ሳትሸፋፍን ስትነግራቸው፣ ዓይን ዓይኗን አይተው "ፍሮዝን ሮፕ" አሏት፤ ፊታቸው ላይ ቅሬታ አልነበረም። ፖስተኛው ሲመጣ ባልቲሞር ቾፕ የሚሉበት ምክንያት ግን አልገባትም። መስኮት ሥር ቆማ ስታጠናው ሰነበተች። በመጨረሻ ሰውየው ሲራመድ በእግር ጣቱ እየተነሳ በየእርምጃው ሽቅብ እንደሚነጥር አየች፤ ያን ቀን ብቻዋን እየሳቀች ዋለች።

ሆኖም ሁሉም ነገር አይገጥምላትም ነበር። ፎል ቦል የሚሉት ከመስመር ውጪ የወጣችን ኳስ ነው። ሚስተር ሆሊስ ይህን ቃል ለጎረቤት ድመት ይሉታል፤ ለሾርባ ይሉታል፤ ጥርት ላለ ሰማይም ይሉታል። እንዲህ ሲሆን ተስፋዋ ይቀንሳል። ምናልባት ቃሉ እንደ ሳል ነው የሚወጣቸው፣ ትርጉም የምሰጠው እኔ ነኝ ትላለች ለራሷ።

ሐምሌ ገባ። የዳላስ ሙቀት ከአስፋልቱ እየተነሳ ፊት ይገርፋል፤ ዛፉ ላይ ያሉት ነፍሳት ቀኑን ሙሉ ይጮሃሉ። በዚያ ሰሞን ነው ሚስተር ሆሊስ አዲስ ቃል ያመጡት። እታለማሁ የጠዋቱን ኪኒን ከሳጥኑ አውጥታ መዳፋቸው ላይ ስታደርግላቸው፣ ኪኒኖቹን አዩና "ቴክሳስ ሊገር" አሏት።

ይህን ስም ከዚያ በፊት ሬዲዮ ሲከፈት ሰምታዋለች። "አሳዩኝ" አለቻቸው። እጃቸውን ዝግ ብለው አነሱና ወደ ጠረጴዛው ጣል አደረጉት፤ ከዚያ ወደ እሷ አመለከቱ፣ ወደ ስልኩ አመለከቱ፣ ወደ በሩ አመለከቱ። አልገባትም። ኪኒናቸውን ዋጡ። በማግስቱ ጠዋት ያንኑ ደገሙት፤ በሦስተኛው ቀንም። ኪኒን በሌለበት ሰዓት አይሉትም፤ ከኪኒኑ ጋር ግን ሳይሉት አይቀሩም። ድምፃቸውም እየጠነከረ መጣ።

ሞላልኝን ጠየቀችው።

"ቴክሳስ ሊገር? ርካሽ ምት ነች" አላት። "ደካማ። አቅም የሌላት።"

እታለማሁ ይህን ስትሰማ ነገሩን ወደ ራሷ ወሰደችው። ወደ እሷ አመልክተው ነበርና። እኔን ነው ማለት ነው? ሥራሽ ደካማ ነው እያሉኝ ነው? በማግስቱ ስታለብሳቸው እንደ ወትሮዋ አላወራችም። ሚስተር ሆሊስ ፊት ፊቷን እያዩ ቆዩና መልሰው ያንኑ ቃል አሏት። ለካረን ደውላ ብትነግራት፣ ካረን ስብሰባ ላይ ነበረች፤ "እባክሽ ችላ በይው" ብላ ዘጋችው። ጄኒ ደግሞ ዕረፍት ወጥታለች።

እሑድ ዕለት እታለማሁ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ሶፋው ላይ ጋደም እንዳለች፣ ሞላልኝ ቴሌቪዥኑን ከፍቶ ጨዋታ ያይ ነበር። እሷ ቤዝቦልን በጆሮዋ እንጂ በዓይኗ ተከታትላ አታውቅም። ገመዱና ትሉ ምን እንደሚመስሉ ለማየት ጓጉታ ቀና ብላ ተቀመጠች።

አንድ መቺ ኳሷን ደከም አድርጎ መታት። ኳሷ ብዙም ሳትርቅ ከፍ አለች። ከቅርብ ከቆሙት ተጫዋቾች አንዱ ወደ ኋላ እየሮጠ ሄደ። ከሩቅ የነበሩት ሁለቱ ወደ ፊት እየሮጡ መጡ። ሦስቱም ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው እርስ በርስ ተያዩና ቆሙ። ኳሷ መሃላቸው ሣሩ ላይ ዱብ አለች።

"ይኸውልሽ ቴክሳስ ሊገር" አላት ሞላልኝ።

እታለማሁ ተነሥታ ቆመች። "የማን ነበረች?"

"ማ?"

"ኳሷ። ማነው መያዝ የነበረበት?"

"ሦስቱም መያዝ ይችሉ ነበር እኮ። አንዱ 'የኔ ነች' ብሎ መጮህ አለበት። ካልጮኸ እያንዳንዱ ያኛው ይይዛታል ብሎ ይቆማል፣ ሶ፣ ትወድቃለች።" ሞላልኝ ዞር ብሎ አያት። "ምነው? ምን ሆንሽ?"

"ወደኔ፣ ወደ ስልኩና ወደ በሩ ነው ያመለከቱት" አለች፣ ለእሱም ለራሷም።

ሰኞ ጠዋት ቤቱ እንደደረሰች ኪኒኖቹን መዳፋቸው ላይ አላደረገችም። ነጭ ሰሃን ላይ ዘርግታ ፊታቸው አስቀመጠችና አጠገባቸው ተቀመጠች። "ሚስተር ሆሊስ፣ አሁን አሳዩኝ" አለቻቸው።

ሽማግሌው በግራ እጃቸው ጣት ኪኒኖቹን አንድ በአንድ ወደ ሰሃኑ ዳር ገፏቸው። መሃሉ ባዶ ሲሆን ጣታቸውን እዚያ ባዶው ላይ አሳረፉ።

"ቴክሳስ ሊገር።"

እታለማሁ ሰሃኑን አተኩራ አየችው። ነጯ አለች። ቢጫዋ አለች። ረዘም ያለችውም አለች። ሮዟ የለችም። ትንሿ ሮዝ ኪኒን ከሳጥኑ ከጠፋች ሰነበተች፤ ሐኪሙ የደም ምርመራ ካየ በኋላ መጠኑ ይቀየራል ያለ ጊዜ ነው። በየሳምንቱ ሳጥኑን ልትሞላ የምትመጣው ነርስ አሮጌዎቹን አውጥታ ወስዳለች። እታለማሁ እሱን ስታይ ሐኪሙ ያስቆመው መስሏት አልጠየቀችም።

"ሮዟ ናት?" አለቻቸው።

ሚስተር ሆሊስ ዓይናቸውን ጨፍነው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። "አይ" አሉ፤ ወዲያው ደግሞ "አዎ" አሉ፤ በሁለቱም ተናደው እጃቸውን እጇ ላይ ጫኑት።

ስልኩን አነሣች። ነርሷ፣ አዲሱን ኪኒን ከፋርማሲ ልጃቸው ታመጣለች ተብያለሁ አለቻት። ካረን ደግሞ ከስብሰባ እንድትጠራ አስደርጋ ብትጠይቃት፣ ነርሷ እንደምታመጣው ነበር የማውቀው አለች። ከዚያ ካረን ወንበሯን ገፍታ ስትነሣ እታለማሁ በስልኩ ውስጥ ሰማች።

"እሱ እኮ የደም ማቅጠኛው ነው" አለች ካረን። "መጣሁ።"

ከፕሌኖ እንዴት እንደነዳች እንጃ፣ ሳይታሰብ ደረሰች። አባቷን ደግፈው መኪና ውስጥ አስገቡና ሆስፒታል ወሰዷቸው። ደማቸው ተመረመረ። ሐኪሙ ወጣት፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር። ደማቸው መከላከያውን እንዳጣ፣ በዚህ ቢቀጥል ሌላ ስትሮክ ሊመጣ ይችል እንደነበር ነገራቸው፤ እስኪስተካከል ድረስም አስተኝቶ መከታተል እንደሚሻል ተናገረ። ማንንም አልወቀሰም። ይህ ነገር ከሚታሰበው በላይ እንደሚያጋጥም ብቻ ተናገረና ማን እንዳወቀው ጠየቀ።

"እሳቸው ናቸው ያወቁት" አለች እታለማሁ።

ሐኪሙ ከሄደ በኋላ ሁለቱ ሴቶች ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጡ። ካረን ጫማዋን አውልቃ እግሯን እያሸች፣ "ምን ብሎ ነው የነገረሽ?" አለቻት።

እታለማሁ የሦስቱን ተጫዋቾች ነገር ነገረቻት፤ እንዴት እንደሮጡ፣ እንዴት እንደተያዩ፣ ኳሷ እንዴት መሃላቸው እንደወደቀች። "ወደኔ፣ ወደ ስልኩና ወደ በሩ ነበር ያመለከቱት፤ ስልኩ አንቺ ነሽ፣ በሩ ነርሷ ናት፣ ሦስተኛዋ እኔ ነኝ" አለች። "ሐኪሙ ያስቆመው መስሎኝ ዝም አልኩ። አባትሽ ከሁላችንም ቀድመው አይተውታል።"

"ልጅ ሆኜ ቤታችን ውስጥ ሁሉ ነገር ኳስ ነበር" አለች ካረን። "እናቴ ስትቆጣው ፎል ቦል ይላል። ፈተና አልፌ ስመጣ አንድ የኳስ ስም ይሰጠኛል። ያናድደኝ ነበር። እንደ ሌሎቹ አባቶች ጎበዝ በለኝ እለው ነበር፣ በልቤ። ስሞቹን አንድም ቀን ምን ማለት ነው ብዬ አልጠየቅሁትም።"

"አሁን መጠየቅ ይቻላል" አለች እታለማሁ። "ማሳየት ይወዳሉ። ሎሚ ግን እንዳትሰጫቸው።"

ካረን ሳታስበው ሳቀች። ከዚያ ጫማዋን አድርጋ ወደ ክፍሉ ገባች። አልጋው ራስጌ ያለውን ትንሽ ሬዲዮን ከፈተችው። እታለማሁ በሩ ላይ ቆማ አየቻቸው። ዱላው ድምፅ ሲሰጥ አባትየው ስም ይጠራሉ፤ ልጅቷም ወደ እታለማሁ ዞር ብላ "ይሄኛው ምንድነው?" ትላለች። ደብረ ማርቆስ ያደገችው ሴት ለቴክሳሷ ሴት፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ጣቷን እያንሸራተተች፣ መሬት ለመሬት የምትሄደውን ኳስ አስረዳቻት።

ጄኒ ከዕረፍት ስትመለስ እታለማሁን ነገሩን በሙሉ ሁለት ጊዜ አስነገረቻት። በቀጣዩ ሳምንት አዳዲስ ካርዶች ሠርታ መጣች፤ በአንዱ ወገን የኳሷ መንገድ፣ በሌላው ወገን "ቀላል ነው"፣ "ቀጥ ብለሽ ንገሪኝ"፣ "የረሳችሁት ነገር አለ" የሚሉ ሥዕሎች። ተአምር አልተፈጠረም። "አዎ" እና "አይ" እንደተቀላቀሉ ናቸው፤ ኩባያውም እንደ ቀድሞው ምላሳቸው ጫፍ ላይ እየደረሰ ይመለሳል። ለሾርባ ፎል ቦል የሚሉበትን ምክንያትም እስከ ዛሬ ያወቀ የለም። ቢሆንም ሚስተር ሆሊስ ራብ፣ ሕመም፣ መሰልቸት ሲሰማቸው መናገሪያ አላቸው፤ የሚሰማቸውም አላቸው። ካረንም እሑድ እሑድ መምጣት ጀመረች፤ ስትመጣ ሳትቸኩል ትቀመጣለች።

ሙቀቱ ጋብ ባለበት አንድ የመስከረም ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሦስቱም አርሊንግተን ያለው ስታዲየም ሄዱ። ትኬቱን የቆረጠችው ካረን ናት፤ ለተሽከርካሪ ወንበር የሚመች ቦታ፣ ከአንደኛው ቤዝ፣ ሯጮቹ ከሚረግጡት የመሬት ምልክት፣ ጀርባ። እታለማሁ በሬዲዮ የሰማችውንና በትንሽ ቴሌቪዥን ያየችውን ነገር በዓይኗ ስታየው፣ ሣሩ ይህን ያህል አረንጓዴ፣ ሜዳውም ይህን ያህል ሰፊ ይሆናል ብላ አልገመተችም ነበር። ከሁሉ የገረማት ግን ዱላው ሲወዛወዝ መጀመሪያ ኳሷ መሄዷ፣ ድምፁ ደግሞ ትንሽ ዘግይቶ መድረሱ ነው። ሚስተር ሆሊስ እዚያም ቢሆን ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው በጆሮ ይጠብቃሉ።

በጨዋታው አጋማሽ ላይ አንዱ መቺ ኳሷን ወደ እነሱ ወገን መሬት ለመሬት ላካት። እታለማሁ ዎርም በርነር ልትል አፏን ስትከፍት፣ ኳሷ መሬት ላይ የተተከለውን ነጭ ቤዝ ጠርዙን መታችና ሊይዛት በጎነበሰው ተጫዋች ራስ ላይ ሽቅብ ዘልላ ሄደች። ሕዝቡ ተነሣ።

"ይቺስ?" አለች እታለማሁ ወደ ሚስተር ሆሊስ ጎንበስ ብላ። "ይቺን ምን ይሏታል?"

ሽማግሌው አፋቸውን ከፈቱ። አሰቡ። ከዚያ መዳፋቸውን ገልብጠው ፈገግ አሉ።

ካረን ባልቲሞር ቾፕ ናት አለች፤ ሚስተር ሆሊስ አይደለም በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። ፊት ለፊት የተቀመጠ ባለ ባርኔጣ ሰውዬ ጨዋታቸውን ሰምቶ ዞረና ሌላ ስም ሰጣት። ሚስቱ፣ እንደሱ አይባልም፣ አባቴ እንዲህ ነበር የሚላት ብላ ሦስተኛ ስም አመጣች። ኦቾሎኒ የሚያዞረው ልጅ እግርም ቆም ብሎ የራሱን ጣል አደረገ። ሚስተር ሆሊስ ስሞቹን አንድ በአንድ ሰምተው፣ እያንዳንዱን በጣታቸው ከመስመር ውጪ አስወጡት። ደስ ብሏቸዋል።

ባለ ባርኔጣው ሰውዬ ወደ እታለማሁ ዞረ። "በእናንተ አገር ምን ትባላለች?"

እታለማሁ ጥያቄውን ከልቧ አሰበችበት።

"በእኛ አገር ገና አልተመታችም" አለችው። ከዚያ ቀጣዩ መቺ ዱላውን ይዞ ስለመጣ ዓይኗን ወደ ሜዳው መለሰች።